ከመንገድ ላይ ያነሳኋቸው መኪኖች

ቤቴ መጥቶ ጌም የሚጫወት ሰው አንድ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ከከበደው ይክበደው። ላቅልልህ አልልም፣ አቅልይልኝ ቢለኝም አልሰማውም። ሲሸነፍ ላዝንለት እችላለሁ፣ ሻይም ላፈላለት እችላለሁ፤ ደረጃውን ግን ዝቅ አላደርግም። ጓደኞቼ ይህን ጭካኔዬን ለምደውታል። «አንቺ እኮ ከትራፊክ ፖሊስ ትብሻለሽ» ይሉኛል። ይበሉ።

ሌላም ብዙ አስተያየት አለኝ፤ ማንም ባይጠይቀኝም እናገረዋለሁ። የኳስ ጌም አልወድም፤ ሰዉ ከጎሉ ይልቅ ጩኸቱን ነው የሚጫወተው። ታሪክ እንተርካለን የሚሉት ጌሞች ደግሞ ወሬ ያበዛሉ፤ አንድ በር ለመክፈት አሥር ደቂቃ ሽማግሌ ማዳመጥ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? በኢንተርኔት ከማላውቀው ሰው ጋር መጫወትም አይጥመኝም። ኔትወርኩ ቢፈቅድ እንኳ፣ ፊቱን ያላየሁት ሰው አሸነፈኝ ብዬ አልቀበልም። ለኔ ጌም ማለት ሁለት ሰው አንድ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ክርኑ እየተነካካ የሚጫወተው ነው። ከሁሉም የመኪና ጌም እወዳለሁ። ይህ ከአባቴ የመጣብኝ ነው። ያ ሕግም የመጣው በአባቴ የተነሳ ነው፤ እንዴት እንደመጣ እናገራለሁ እንጂ አልኮራበትም።

አባቴ ሾፌር ናቸው። የዕድሜያቸውን ግማሽ በከባድ መኪና ጅቡቲ ሲመላለሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም እሱን ሸጠው ሚኒባስ ገዙ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ሰርቪስ ሆነ። ደሴ የሚያድሩ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚውሉ አሥራ አንድ ሰዎችን ጠዋት ያወርዳሉ፣ ከሥራ ስንወጣ ያመጣሉ። ከአሥራ አንዱ አንዷ እኔ ነበርኩ። ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ጨርቁ ከሥሩ መብራት በበራለት ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ ዓይኔን ተክዬ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳተ ድር እፈልጋለሁ። እንጀራዬ እንከን ፈልጎ ማግኘት ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት መካከል ሐረጎ አለ። ጠዋት ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ቆልፈን እንነሳለን፤ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰን ታች ስንደርስ ሁሉም አውልቆ ጭኑ ላይ ያደርገዋል። አባቴ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ያደርጋሉ፤ ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ሬዲዮ ያጠፋሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ። ከዚያ እስከ ታች ማንም አያናግራቸውም። አንድ ቀን አዲስ የገባ ተሳፋሪ «ኧረ ዘፈኑን ይልቀቁት» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ አማና ይዤ ዘፈን አልሰማም» አሉት። አማና አደራ ነው። ለአባቴ ተሳፋሪ የሰው ዕቃ ነው፤ የተዋሱት፣ ሳይጫር ለባለቤቱ መመለስ ያለበት።

ከእሳቸው ጀርባ፣ በግራ በኩል መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። የምነግራችሁ ነገር በደረሰ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ገና ሞተሩ ሲነሳ ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፏን ትለጥጣለች። «አባትሽ ሲነዱ ከአልጋዬ የተሻለ ነው የምተኛው» ትለኛለች። እኔ የምቀመጠው ጋቢና፣ ከአባቴ ጎን ነው።

ጌሙን የገዛሁት ሆጤ ሰፈር ጌም ቤት የነበረው ሰውዬ ቤቱን ዘግቶ ጫማ ሊነግድ ሲነሳ ነው። አሮጌ ፕሌይስቴሽን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር፤ አንደኛው ጆይስቲክ ላይ በግራ አውራ ጣት የሚገፋው ጉብታ ትንሽ ላላ ያለ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ያለነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ወደ አኼራ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር፤ ወሩም ረመዳን ነበር።

በረመዳን ከሥራ በጊዜ እንወጣለን። የዐስር ሶላት ተሰግዶ መግሪብ እስኪደርስ ያለው ሰዓት የጾም ወገብ ነው፤ አያልቅም። እናቴ በነበረች ጊዜ ያን ሰዓት የሳምቡሳዋ መጥበሻ ድምፅ ይሞላው ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ሳምቡሳውን ከደጅ እየገዛን፣ ሰዓቱን ዝም ብለን እንጠብቀዋለን። አባቴ ግድግዳውን ያያሉ፤ እኔ አባቴን አያለሁ። ዝምታው ሲመረኝ ነው ጌሙን ሳሎን አምጥቼ የሰካሁት።

መጀመሪያ ላይ ተመልካች ነበሩ። ተመልካች ስል ዝም የሚል እንዳይመስላችሁ።

«ይህ መኪና ክላክስ የለውም?»

«አለው አባዬ።»

«ታዲያ ኩርባ ላይ ለምን አታሰሚም? ከወዲያ ማን እንደሚመጣ በምን አወቅሽ?»

«ውድድር ነው እኮ።»

«ውድድር ቢሆንስ? ከወዲያ የሚመጣው ሰው አይደለም?»

በሦስተኛው ቀን አላስቻላቸውም። «እስቲ አምጪው» አሉ። ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው እንደ መሪ ያዙት፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ከዚያ ስፖኪዮ ፈለጉ። ውድድሩ ተጀምሮ ሌሎቹ መኪኖች አቧራቸውን አስነስተው ሲሄዱ እሳቸው ገና «ፍሬቻው የት ነው?» ይሉኛል። ጌሙ ፍሬቻ እንደሌለው ስነግራቸው ሠሪውን ታዘቡት። ከዚያ በየኩርባው ክላክስ እያሰሙ፣ ከኋላ ለሚመጣው ዳር ይዘው እያሳለፉ፣ ሰዉ ሁሉ ገብቶ ካበቃ በኋላ ደረሱ።

«የመጨረሻ ወጡ አባዬ፤ ተሸነፉ።»

«መኪናዬን እዪ። ጭረት አላት?»

«የላትም።»

«አንደኛ የወጣውስ?»

አንደኛ የወጣው መኪና ፓራውልቱ ተንጠልጥሎ፣ አንድ መብራቱ ጠፍቶ ነበር።

«ታዲያ ማን ነው የተሸነፈው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የመኪና ጌም ሞክሬያለሁ፤ እንደ አባቴ የሚቆጥር፣ ሳይጭር ለደረሰ ሰው አንደኝነት የሚሰጥ አንድም አላገኘሁም። ጌም ሠሪዎች መቅደምን ብቻ ነው የሚያውቁት። ቢያንስ አንዱ ከባድ መኪና ነድቶ የሚያውቅ አባት ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ውድድሩን ተውነውና ከተራራ አናት ተነስቶ፣ በሌሎች መኪኖች መካከል እስከ ታች ከተማ ድረስ የሚወረድበትን ክፍል አገኘሁላቸው። በቀኝ ይነዳል፣ ከፊት የሚመጣው በግራ ያልፋል፣ እንደኛው አገር። ስሙን «ሐረጎ» አልነው። ያን ረመዳን ወሩን ሙሉ አባቴ ሐረጎን ያለ አንድ ጭረት ወረዱ። አዛን ሲሰማ ጆይስቲኩ ላይ ያለችውን ማቆሚያ ቁልፍ ተጭነው መኪናውን ኩርባ መሃል ያቆሙታል፤ ቴምራችንን በልተን፣ ሰግደን፣ ሾርባችንን ጠጥተን ስንመለስ እዚያው ቆሞ ይጠብቀናል። ከጌም ነገር ሁሉ እጅግ የማደንቀው ያቺን ማቆሚያ ቁልፍ ነው። አባቴ ያን ወር ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ከእናቴ ሞት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ያን ሳቅ በጣም ወደድኩት። ያጠፋሁትንም ጥፋት ያጠፋሁት እሱን ስል ነው።

ዓመቱ ዞሮ ሁለተኛው ረመዳን ገባ። በመጀመሪያው ቀን አባቴ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ከፊት ከመጣ መኪና ጋር ተላተሙ።

«ይህ ጆይስቲክ ይስባል» አሉ። «አላይመንት ያስፈልገዋል።»

እውነት መሰለኝ፤ እውነት እንዲሆንም ፈለግሁ። ጉብታው ላላ ያለውን ጆይስቲክ በትንሽ ካቻቪቴ ፈታሁት፣ ውስጡን በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁት፣ ገጥሜ ሞከርኩት። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ለአባቴ ሰጠኋቸው፤ ገጩ። ሌላኛውን ሰጠኋቸው፤ ገጩ። በሳምንቱ ልብ አልኩ፤ የግራው በር ረግፏል፣ የግራው መብራት ተሰብሯል፣ የግራው ስፖኪዮ የለም። ቀኙ እንደ አዲስ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ አንድ እንከን ጨርቁ ላይ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ሲደጋገም ክሩን አንወቅስም። ማሽኑን አስቁመን እናየዋለን። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። የሚኒባሱ የግራ ስፖኪዮም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ተቀይሯል፤ አባቴ ሁለቱንም ጊዜ ባጃጅ ነው ብለዋል። የደሴን ባጃጅ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይጠራጠርም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሐረጎን ስንወርድ አንድ ገልባጭ ከኩርባው ብቅ አለ። እኔ ጋቢና ሆኜ አየሁት። አባቴ ክላክስም አላሰሙ፣ ዳርም አልያዙ። መኪናው እየተጠጋን ነው፤ እሳቸው መንገዱን ሰው ባዶ ያደረገላቸው ይመስል ዝም ብለው ይነዳሉ።

«አባዬ፣ ግራ!»

መሪውን ወደ ቀኝ ሰበሩት። ጎማችን ጠርዙ ላይ ያለውን ጠጠር በተነው፤ ገልባጩ በክንድ ርቀት አለፈ። ባልደረባዬ ከእንቅልፏ ባንና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «ምንድን ነው?» አለች።

«ጉሙ ነው ልጄ። ተኚ» አሏት አባቴ።

ጉም ነበረ፤ ግን ገልባጭ የሚሸሽግ ጉም አልነበረም። እስከ ታች ድረስ ማርሽ አልጨመሩም።

ያን ቀን ቤት ስንገባ «ዓይንዎን ይታዩ» አልኳቸው። «ከኢድ በኋላ፣ ኢንሻአላህ። አብሽሪ» አሉኝ። አብሽሪ ሲሉኝ እጽናናለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ። ግን መጽናናት ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ዘይት የሚለኩት፣ መስታወት የሚወለውሉት፣ «ሰዎቼ ይጠብቁኛል» እያሉ ጫማቸውን የሚያስሩት ይህ መንገድ ስላላቸው ነው። እሱን ብነጥቃቸው ያን ግድግዳ እያዩ ሊቀሩ ነው። ስለዚህ በገዛ ራሴ አንድ መላ አበጀሁ፤ ጋቢና ተቀምጬ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ግራ ግራውን ማየት። አሥራ አንድ ነፍስ በኔ አንገት መዞር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ መላ ያበጀሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ጌሙ ላይም ሌላ ሰው ሆኑ። ቀልድ የለም፣ ሠሪውን መታዘብ የለም። ፍራሹን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይወርዳሉ። ሲገጩ ዝም ብለው እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። አንዳንዴ አዛን ሳይሰማ ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ይገባሉ። የኔ ሞኝነት ነገሩን ጨዋታ አድርጎ ማየቱ ነበር፤ ጨዋታ የጨለመባቸው አዛውንት፣ በጾም ተዳክመው፣ ሳቃቸው እንደገና የጠፋባቸው።

ጾሙ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አባቴ ለሶላት ዉዱእ ሊያደርጉ ሲወጡ ማስተካከያውን ከፈትኩ። «ትራፊክ» የሚል አለ። ብዙ፣ መካከለኛ፣ ጥቂት። ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ብዙ የነበረውን ጥቂት አድርጌ ዘጋሁት። ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር የመጨመር ያህል ነው የቆጠርኩት።

ያን ቀን አባቴ ሐረጎን ያለ ጭረት ወረዱ። ከፊታቸው የመጡት ሁለት መኪኖች ነበሩ፤ ሁለቱም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ከሩቅ የሚታዩ። አባቴ ሳቁ፤ እኔም ደስታዬ ወሰን አጣ። በማግሥቱም ያለ ጭረት ወረዱ፣ ግን አልሳቁም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ማታ ጨረቃ ትታያለች በሚባልበት በመጨረሻው ጾም፣ ታች ከተማው በሰላም ሲደርሱ ጆይስቲኩን አስቀምጠው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው ሱጁድ ወረዱ።

«አባዬ፣ ለጌም ሱጁድ ይወረዳል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

ቀና ብለው አጠገባቸው እንድቀመጥ ፍራሹን መታ መታ አደረጉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ለጌም አይደለም። ስሚኝ ልጄ። ያን ቀን ገልባጩን አላየሁትም። ወላሂ አላየሁትም፤ ጉሙ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ራሴን ስፈትን ነው የከረምኩ። መኪናው ላይ እንዳልፈትን የሰው አማና ይዣለሁ። እዚህ ግን ብገጭም የሚሞት የለ። ‹ያ ጀሊል፣ ጾሙ ሳይፈታ ሦስት ቀን አከታትዬ ሳልጫር ከወረድሁ ዓይኔ አፊያ ነው፣ እነዳለሁ፤ አለዚያ ቁልፉን አስቀምጣለሁ› ብዬ በልቤ ነየትሁ። ይኸው ሦስት ቀኔ። አልሐምዱሊላህ።»

አዛን ተሰማ። ቴምሩን አቀረብኩላቸው፤ የኔን ግን ሳልነክሰው ሳህኑ ላይ መለስኩት። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ፊታቸው ላይ የነበረውን ብርሃን በገዛ እጄ ማጥፋት አቃተኝ።

ኢድ ገባ። ሰላተል ኢድ ሰግደው ሲመለሱ አባቴ አዲስ ሙሽራ መስለው ነበር። በግ አረዱ፣ ጎረቤቱን ጠሩ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ አንደኛው «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለው መረቋቸው፤ ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። እኔም ሳህኔን እንደያዝኩ አሚን አልኩ። ሰውየው ከአላህ የለመኑትን እኔ ቀድሜ ቁልፍ ሁለት ጊዜ በመጫን ፈጽሜው ነበር። የኢዱን ሁለት ቀናት እንግዳ በማስተናገድ አሳበብኩ። ሥጋ ስቆርጥ፣ ለስላሳ ስቀዳ፣ በሐሳቤ የማየው ያንን የግራ መስኮትና ራሷን ያስደገፈችውን ባልደረባዬን ነበር።

ሥራ የሚጀመርበት ቀን ነጋ። አባቴ መስታወቱን ወልውለው፣ ሞተሩን አስነስተው ይጠብቁኛል። ጋቢና ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪያችን ሆጤ መንገድ ዳር ቆማ እንደምትጠብቀን አውቃለሁ፤ እሷ ናት ባልደረባዬ።

«አባዬ፣ ሞተሩን ያጥፉት።»

«ምን ረሳሽ?»

«ያጥፉት።»

አጠፉት። ፊታቸውን ላለማየት የዳሽቦርዱን አቧራ በጣቴ እየጠረግሁ ተናገርኩ። «ጌሙ ላይ መኪኖቹን ቀንሼልዎት ነበር። ሦስቱንም ቀን። ስለ ኒያዎ አላወቅሁም ነበር።»

እጃቸውን ከመሪው ላይ አወረዱ። ከዚያ «ስንቱን ቀነስሽ?» አሉ።

«ከሞላ ጎደል ሁሉንም።»

«ምነው?»

«አዝነው ስላየሁ። እንዲስቁ ብዬ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው የዕለት ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ሐረጎ ላይስ? ሐረጎ ላይ ማን ያነሳልኛል ልጄ?»

አለቀስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳለቅስ አይተው አብሽሪ አላሉኝም። ቁልፉን ነቅለው መዳፋቸው ላይ ጥቂት ያዙት፣ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው አብረዋቸው ጅቡቲ ሲነዱ ለነበሩ አንድ ወዳጃቸው ደወሉ። «ዛሬ ሰዎቼን አንተ አውርድልኝ» አሏቸው። ለምን እንደሆነ ሰውየው የጠየቋቸው መሰለኝ። «ዓይኔ ሄዷል» አሉ። ለሐኪም እንኳ ሳይታዩ ነው ያሉት።

ወዳጃቸው ሲደርሱ አባቴ ቁልፉን ዝም ብለው አልሰጧቸውም። መኪናውን አብረው ዞሩት። ፍሬኑ ሁለተኛው ረገጣ ላይ እንደሚይዝ፣ የኋላው በር ገፋ ተደርጎ እንደሚዘጋ፣ አፋፉ ላይ ሬዲዮ እንደሚጠፋ ነገሯቸው። በመጨረሻ «ከኋላህ በግራ በኩል የምትቀመጠው ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጉድጓዱን ቀስ እያልህ» አሏቸው። እኛ ስንነሳ አባቴ አጥራችን ሥር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ እያደረጉ ቀሩ። አሥራ አንዳችንም ያን ቀን ሥራ አርፍደን ገባን፤ ለተቆጣን አለቃ ምክንያቱን የተናገረ የለም።

በዚያው ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ ቀስ እያለ ከዳር ዳሩ ይበላል፣ የግራው ዓይን ብሷል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ሐኪሟ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር» ስትል አባቴ ወደኔ አልዞሩም። እኔ ግን ከመጀመሪያው የተሰበረ ስፖኪዮ ጀምሬ አሰብኩት። ጠብታውን ጠዋትና ማታ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ ጠብታው እንዳይስት ትንፋሼን እይዛለሁ።

ሚኒባሱን ወዳጃቸው ይነዱታል። ባልደረባዬ በሰላም ተገላግላ አርፋ ተመልሳ መጥታለች፤ ዛሬም በዚያው መስኮት ሥር ትተኛለች። እኔ አሁንም ጋቢና ነኝ፤ አንገቴ ልማዱን አልተወም፣ ኩርባ ላይ ግራ ያያል።

ለጥቂት ሳምንታት ጌሙን ጨርቅ ሸፍኜው ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ ጨርቁን አንስተው፣ ፍራሹን ዘርግተው ጠበቁኝ።

«አብሪው። መኪኖቹንም መልሺያቸው።»

መለስኳቸው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ገጩ። «አየሽ፣ ሐቁ ይህ ነው» አሉ፤ ሲሉት ግን ድምፃቸው ቀለል ያለ ነበር። ከዚያ ቦታዬን ቀየሩልኝ። ድሮ በቀኛቸው ነበር የምቀመጠው፤ አሁን በግራቸው ሆንኩ። ሥራዬ ረዳትነት ነው። ከግራ መኪና ሲመጣ «ግራ» እላለሁ፣ እሳቸው ዳር ይይዛሉ። አንዳንዴ እዘገያለሁ፣ ይገጫሉ፣ ይወቅሱኛል፣ እስቃለሁ። ሁለት ሰው አንድ መኪና የሚነዳበት ጌም ማንም አልሠራም፤ እኛ በአንድ ጆይስቲክና በአንድ አፍ ሠርተነዋል። ከተጫወትኳቸው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የምወደውም ይህንን ነው።

ሁልጊዜ ከመነሳታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«ነክተሽዋል?»

«አልነካሁም፣ ወላሂ።»

መጀመሪያ ሰሞን ማስተካከያውን ከፍቼ አሳያቸው ነበር። «ትራፊክ፦ ብዙ» የሚለው ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ ላይ በግራ ጥግ ነው ያለው፤ ለማየት አንገታቸውን ማዞር ነበረባቸው፤ ያዞሩም ነበር። አሁን ልከፍተው ስል እጄን ይይዙታል።

«ተይው። አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» ይላሉ፤ ቢስሚላህ ብለው ቁልቁለቱን ይጀምራሉ።